ቀመሪያ ከመስታወት ቤቱ የተባረረች ዕለት

ቀመሪያ መካኒሳ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ሴት ነበረች። ምን ብትታጠብ ቅቤ ቅቤ መሽተቷ አይቀርም፤ እሷ ግን እንጀራዬ ነው ትላለች እንጂ አታፍርበትም።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ እሷ ያለችበት የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ላፍቶ ወዳለ የመስታወት ቤት ለጉብኝት ሄደ። ውስጡ ከሞቃት አገር በመጡ ተክሎች ተሞልቷል። መሪያቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቸኮል ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ሲነኳት ቅጠሏን እጥፍ የምታደርግ ተክል ሲያዩ ቀመሪያ፣ "አዲስ ሙሽራ ነሽ እንዴ?" አለቻት። እንደ እንስራ አፏን ከፍታ ዝንብ የምትውጠውን ደግሞ ለገበያ መደቧ ተመኘቻት።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲዘልቁ ግን ክፉ ሽታ ተቀበላቸው። የሞተ አይጥ ነው እንዳይባል ከዚያም ይብሳል። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ተያዩ። ጓድ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እትዬ ቀመሪያ፣ ለጉብኝትም ቅቤ ይዘው ይመጣሉ?"

"ኧረ ጓድ፣ ቅቤዬ እንዲህ ቢሸት ማን ይገዛኛል?"

"ለማንኛውም ውጭ ይጠብቁን።"

ቀመሪያ ፊቷ ቀልቶ ወጣች። ሽታው ግን አልወጣም። ቀጥሎ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ያደረገችው ተናኘ ተባረረች። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች የምትባለው ፅጌረዳ፤ ከዚያ የተቀሩት ሁሉ በየተራ።

በመጨረሻ ጓድ ቸኮል ከሽታው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሴቶቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ያዩዋቸዋል። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ ተመለከቱና ቀስ ብለው ብብታቸውን አሸተቱ። አላመኑም መሰለኝ፣ አንድ ጫማቸውንም አወለቁ።

ይሄኔ የተክሎቹ ተንከባካቢ ፈየራ ከምሳ ተመለሰ።

"ዕድለኛ ነዎት ጓድ" አለ፣ ጥግ ላይ የተገለበጠ ጃንጥላ መስሎ የቆመ ወይን ጠጅ አበባ እያሳያቸው። "ይሄ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚፈነዳው። ዝንብ ሲጠራ እንዲህ ይገማል።"

ጓድ ቸኮል ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄደው በሩን ከፈቱ።

"ይግቡ እትዬ ቀመሪያ። ጥፋቱ የአበባው ነው።"

ልትኮራ አሰበች፤ ማየት መፈለጓ ግን በለጠባት። አፍንጫዋን ይዛ ገባችና አበባውን ዙሪያውን እየዞረች አየችው።

"መልክህስ ደህና ነበር" አለችው፤ "ምነው ገላህን ብትታጠብ።"

ሴቶቹ ያፈኑት ሳቅ አመለጣቸው። መካኒሳ እስኪደርሱ ጓድ ቸኮል ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ከኋላቸው ሳቅ በተሰማ ቁጥር እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።