የልጅ ልጄ ብልቃጥ

በአርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ቤተ ሙከራዋን አሳየችኝ። የዘረመል ቅንጣት የሆነው ኑክሊዮታይድ በውሃ ውስጥ ማግኒዥየም የሚባለውን ማዕድን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ትለካለች። «ውሃው ሌላ ማዕድን የለበትም፤ እንዳይነኩት፣ ኦኬ አባባ?» አለችኝ። ጓንት ልታመጣ ዘወር ስትል፣ ሥራዋ እንዲባረክ ብዬ ከኪሴ ጸበል አውጥቼ ብልቃጧ ውስጥ ጠብ አደረግሁ።

ለመምህሯ የምታቀርበው ልኬት ተዛባ። «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ከመጀመሪያው ስትመረምር ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ነገርኋት። ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «የጸበሉ ማዕድን ነዋ! ሶ፣ ኑክሊዮታይዱ የእርስዎንም ይዞልዎታል።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያልተሾመ ሰው የመቅደስ ዕቃ እንዳይነካ ዕድሜዬን ሙሉ በቅስና ስገሥጽ ኖሬ፣ የእርሷን ብልቃጥ ሳላስፈቅድ ነካሁ። ወደ ቤት ስትወስደኝ መኪናው ውስጥ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።