የሽንኩርቱ ግዝት

ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ሲላጥ ነው ይላሉ። እኔን ግን ሳልልጠው አስለቅሶኛል።

በንጉሡ ዘመን ነው። ታች ጋይንት ባል አግብቼ ገና ጎጆዬ አልሞቀም ነበር። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ በጥር ታመመና ሞተብን። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ያለን መንገድ የእኛን ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ማቀናጀት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የራሱን ማሳ አርሶ፣ የሚስቱን ዘመዶች ማሳ አርሶ፣ ዝናቡ ሊያልፍ ሲል ነው ወደ ሌላው የሚመጣው። ባለቤቴ እሱ ደጅ ቆሞ ሲለማመጥ ማየት ሞት ነበር ለእኔ።

በዚያ ዓመት ግን ሽንኩርት ነበረኝ። ከምንጩ ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት ውኃ እየጠለፍን ስናጠጣ ከርመን፣ የካቲት ላይ ቆፍረን ስናወጣው ቤቱ ሞላ። ወንድምየው መጥቶ፣ «ዘንድሮ እንቀናጅ ወይስ ሌላ ልፈልግ? ቁርጡን ንገሩኝ» አለ። ባለቤቴ የሽንኩርቱን ክምር አየና፣ «ሌላ ፈልግ። እኛስ ለፋሲካ በሬ እንገዛለን» አለው። እኔም ከጓዳ ሆኜ እሰይ አልኩ።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል የወረዳው ገዥ አርብ ገበያ መካከል ቆመው ትእዛዝ አስነበቡ። ሽንኩርቱን ነጋዴ እየሰበሰበ ወደ ደሴ እየጫነው ነው፤ ድሃው ጾሙን በምን ይለፍ? ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርት በተተመነው ዋጋ በጣሳ ይሸጣል፤ ለነጋዴ የሸጠና ቤቱ የደበቀ ይቀጣል። ዛሬ ሳስበው የሰውየው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ዋጋው ግን እንኳን በሬ የበሬ ቆዳም አይገዛ።

እኛ ሴቶቹ ተመኑ እስኪነሣ ማንም እንዳይሸጥ መከርን። አንዷ ከሸጠች ሌላዋም ትሸጣለች። ሰው ደግሞ ጎረቤቱን አይፈራም፤ ግዝት ግን ይፈራል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ከበብናቸውና «ገዝቱልን» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ግዝት መጫወቻ አይደለም» አሉ። ሙግታችን ሲበዛባቸው ግን መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲያስ ተመኑ እስኪነሣ ድረስ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አማቴ ከመካከል ተነሣች። አማቴ እንደሷ ያለ ብልህ በአጥቢያው የለም የምትባል ናት፤ እሷም ታምንበታለች።

«የለም አባቴ! ዛሬ አንሥቶ ነገ ቢመልሰውስ? እርስዎ እስኪፈቱን ድረስ ይበሉ። የሸጠም፣ የገዛም፣ ያሸጠም ይበሉ።»

«እውነቷን ነው!» አልን ሁላችን፤ እኔም ጮኼያለሁ። እሳቸውም እንዳለችው አድርገው ገዘቱ።

በማግሥቱ አባ ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ሱባዔ ገቡ። ጾሙን እዚያ ዘግተው እንደሚከርሙ የአጥቢያው ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በዚያች እሁድ ግን ከእኛ አንዷም ትዝ ያላት የለችም፤ እሳቸውም ገዥው ከፋሲካ በፊት የሚበገሩ አልመሰላቸው ይሆናል።

መጀመሪያ ደስታ ነበር። አርብ ደርሶ ገበያው ላይ አንዲት ራስ ሽንኩርት እንኳ ጠፋች። ቤት ለቤት ይፈትሽ የተባለው ፖሊስ የአገራችን ልጅ ነው፤ «ያሸጠም» የምትለዋን ሲሰማ አማተበና ከደጃችን ተመለሰ። በሦስተኛው ገበያ ገዥው ራሳቸው መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አሸነፋችሁኝ» አሉ። «ተመኑ ተነሥቷል። በፈለጋችሁት ዋጋ ሽጡ፤ ብቻ ሽንኩርቱን አውጡ።»

እልል ልንል አፋችንን ከፈትን፤ ያው እንደተከፈተ ቀረ። ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ዝቅ አለች።

«ጌታዬ፣ እምቢ ብለን አይደለም። ታስረናል።»

«ማን አሰራችሁ?»

«እኛው።»

ገዥው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ባለቤቴ በማግሥቱ ቤተ ልሔም ገሠገሠ። ደጁን የሚጠብቀው ደቀ መዝሙር፣ «አባ ዘግተዋል። ለሞት እንኳ አይወጡም፤ ለሽንኩርት ይወጣሉ?» ብሎ መለሰው። ሌላውን ቄስ ብንለምናቸው፣ «የገዘተው ይፍታው። እኔ በሰው ግዝት እጄን አላስገባም» አሉን። እንግዲህ ወዲያ ቢሉ ገደል፣ ወዲህ ቢሉ ገደል ሆነ።

የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ያለ ወትሮው በረታ። የሣር ክዳናችን አርጅቶ ያንጠባጥባል። ሽንኩርቱ ከታች መላሸቅ፣ ከላይ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ቀን ቀን አውጥተን እናሰጣለን፤ ደመና ሲመጣ እናስገባለን። መብላት አልተገዘተምና በጾሙ እየቀቀልን በላን፣ በሽሮ በላን፣ እስኪያንገፈግፈን በላን። ለማን ይሰጣል? የሁሉም ቤት እንደኛው ነው። ሽታው ከልብሴ አልወጣ አለ። ቤቴ እስር ቤት ሆነብኝ።

አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ነጋዴ ደጄ ድረስ መጣ። ከሰሜን ወይ ከወሎ ይሁን አላውቅም፤ ግዝታችንን አልሰማም። የጠራው ዋጋ በሬ ከነቀንበሩ የሚገዛ ነበር። «እህቴ፣ ማን ያያል? አህያዬ ከጓሮ ናት» አለኝ። ቅርጫቱን አነሣሁ። ያኔ የመጀመሪያ ልጄን ፀንሼ ሆዴ ገፍቷል። ቅርጫቱ ሆዴን ሲነካው «ግዝቱ በልጄ ላይ ቢደርስስ?» ብዬ አሰብኩ። መልሼ አስቀመጥኩት። «ሂድ ወንድሜ፣ ሂድልኝ» አልኩት። ከሄደ በኋላ መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አማቴንም በልቤ ረገምኳት።

አርብ ስቅለት ስለሆነ የፋሲካው ገበያ ሐሙስ ዋለ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የማይፈልግ ማን አለ? ከእስቴና ከስማዳ ነጋዴው በአህያ ጭኖ ገበያውን አጥለቀለቀው። እኛም ዳር ቆመን ግዝቱ ያልነካው የሌላ አጥቢያ ሰው ሲገዛ አየን።

አባ በፋሲካ ሳምንት ተመለሱ። ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ወዲያው ግዝቱን ፈቱልን። «ምነው ልጆቼ፣ ሰው አትልኩብኝም?» አሉ። ባለቤቴ ከደጃቸው መመለሱን ሳያነሣ መስቀላቸውን ተሳለመ፤ ለእሳቸው ክፉ መናገር አልፈለገም። ከክምሩ ደህና ደህናውን ለቅመን አርብ ገበያ ብናወጣው፣ ዋጋው ከገዥው ተመን በታች ወርዶ ጠበቀን።

ባለቤቴ ወንድሙ ደጅ ሄዶ ቆመ። ያ የፈራሁት ነገር ደረሰ። ወንድምየው በክፋት አልተናገረውም፤ «ሌላ ፈልግ አልከኝ፣ ፈለግሁ። በሬዬን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅቻለሁ» አለው። መሬታችን ጦም ከሚያድር ብለን ለእሱው በእኩል ሰጠነው። በገዛ ማሳችን እሱ አራሽ፣ እኛ የምርቱን ግማሽ ጠባቂ ሆንን። የማያርስ በሬ ደግሞ ምን እየበላ ይቆማል?

ሰኔ ሲገባ በሬውን ነድተን አርብ ገበያ ወረድን። አማቴም አብራን መጣች። አንድ በሬ የሚገዛ ሰው መጥቶ በሬውን ዞረው፣ ጥርሱን አየው፣ ዋጋ ጠራ። ባለቤቴ በአንዲት ዶሮ እንኳ እስከ ማታ የሚከራከር ሰው ነው። በዚያ ቀን ግን የተጠራለትን ተቀበለ። የበሬውን ገመድ አቀበለና፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።