የጋሼ ሽኩር ቪዲዮ ቤት

ዛሬ አውቶቡስ ተራ ያለውን የጋሼ ሽኩርን ቪዲዮ ቤት መጋረጃ ገልጬ ስገባ በርበሬ አስነጠሰኝ። ወንበሮቹ የሉም። ቤቱ የበርበሬ መጋዘን ሆኗል፤ ጋሼም ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

ሲኒማ ቤቶች የማያመጡትን፣ ተዋናዮቹ ብዙ የማያወሩበትን የውጭ ፊልም የማየው እዚህ ብቻ ነበር። ጋሼ ራሳቸው ማይክ ይዘው ይተረጉሙልን ነበር።

ሌላ ቤት ተዋናዩ ዝም ሲል ተርጓሚው ቀልድ ይጨምራል። እሳቸው ግን ማይኩን ያጠፉት ነበር። (እንቅልፍ ይወስደን ነበር፣ አልዋሽም።)

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«መጨረሻ ላይ የምትመጣው አንተ ብቻ ነበርክ። ሦስት ሳምንት ስትቀር፣ ሰለቸው ብዬ ዘጋሁት።»

ሦስቱንም ሳምንት ቤቴ ተጋድሜ በስልኬ ፊልም ሳይ ነበር። አልነገርኳቸውም።

እናንተስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ ስትሉ የተዘጋባችሁ ቤት የቱ ነው?