ከቂርያት ማላኪ እስከ ያቭነ፦ የደበቅኩት ስም

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ቤርሼቫ

ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ መቅረጫዬ፣ ሁለት ደብተር፣ ባለቤቴ የጠቀለለችልኝ ዳቦ በእንቁላልና ሁለት ኪያር አሉ። የማዕከላዊው ጣቢያ መደብሮች ገና አልተከፈቱም። አንድ ወታደር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አግዳሚው ላይ ተኝቷል።

ለአማርኛ ጋዜጣችን የፖለቲካና የጤና ጉዳይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የዛሬው መንገዴም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። በማግስቱ ረቡዕ በእስራኤል ምክር ቤት በክነሴት አንድ ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ስለመጡ ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን ሊነጋገር ቀጠሮ ይዟል። በየክሊኒኩ በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ተቀምጠው አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ የሚያሻግሩ ሴቶች አሉ፤ መጋሼሬት እንላቸዋለን። አዲሱ ዕቅድ እነሱን አሰናብቶ በስልክ የሚያስተረጉም ድምፅ ሊተካ ነው። በአንዳንድ ቦታ ለሙከራ ተጀምሯል። እኔም ቂርያት ማላኪ፣ ገዴራና ያቭነ ወርጄ ሙከራው ምን እንዳደረገ ልጠይቅ ተነሳሁ።

የአውቶቡሱ ሹፌር የእኛው ሰው ነው፤ ጥርሱ ሙሉ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል። ካርዴን አስነክቼ ከኋላው ተቀመጥኩ።

«ወዴት በጠዋቱ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«ለሥራ። ጋዜጠኛ ነኝ።»

«አትለኝም! እንዲያው ያቺን ልጅ ታውቃታለህ? ኦስናትን?»

«አውቃታለሁ።»

«ትናንት ማታ ሚኒስትሩን እንዴት እንዳፋጠጠችው አየህልኝ? እሷ ስትጠይቅ እኔ ነኝ ደረቴ የሚነፋው።»

«አየሁ» አልኩ። አላየሁም ነበር። እሷ ስትመጣ ጣቢያውን እቀይራለሁ፤ ባለቤቴ ታውቃለች፣ አትናገረኝም።

ኦስናት ያኔ አስናቁ ነበረች። በራዲዮ የአማርኛ ሰዓት አብረን ስንሠራ ማይክ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ሳትሰማ ሌላ ጥያቄ ስትጨምር «ዝም በይ፣ ይጨርስ» እያልኩ ያረምኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ዕብራይስጡ ቴሌቪዥን ሄደች፤ ስሟም ኦስናት ሆነ። ዛሬ በክነሴት ኮሪደር ስታልፍ የፓርቲ መሪዎች ቆመው ይጠብቋታል። እኔ መቅረጫዬን ስዘረጋ «በምን ቋንቋ ነው የሚወጣው?» ይሉኛል። አማርኛ ስላቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ስንዴው ታጭዷል። ክብ ክብ የሆነ ገለባ እስከ ኮረብታው ድረስ ተበትኗል። ሹፌሩ እስከ መገንጠያው ድረስ ስለ እሷ አወራኝ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቂርያት ማላኪ

ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎች፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከሱቁ ደጃፍ በሳጥን የተደረደረ ቲማቲም። ክሊኒኩ በር ላይ ወርቄ ቆማ ጠበቀችኝ። እዚያ መጋሼሬት ሆና ከሠራች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ማን ስኳር በሽታ እንዳለበት፣ ማን ልጁ ወታደር ቤት ሆኖበት እንቅልፍ እንዳጣ ሳታይ ትነግራችኋለች።

«ሙከራው እኔ በማልገባበት ቀን ነው» አለችኝ። «ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ከስልኩ ሰው ይናገራል። አባ ቢያድግልኝን አግኛቸው። ሌላ ምን ልበልህ። ከሰዓት ያቭነ ላይ የሁላችንም ስብሰባ አለ፤ እኔ ግን ተራዬ ነው፣ አልመጣም።»

አባ ቢያድግልኝ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ጋቢያቸውን በበጋው ለብሰው፣ ከንፈራቸው ተላልጦ፣ ነጭ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀበሉኝ። ቆመው ካልሆነ ሰላም አልልም ብለው በሁለት እጃቸው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

«እጄና ጉልበቴ ያብጣል፣ ያቃጥለኛል» አሉ። «ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ጻፈልኝ። ወርቄ የለችም። ከስልኩ አንድ ሰው ‹አባባ፣ አንድ እንክብል› አለኝ። ከዚያ ኽርርር አለ። ‹አንድ› ብቻ ሰማሁ። ሐኪሙ ‹ቤሰደር?›፣ እሺ ነው? አለኝ፤ ‹ቤሰደር› አልኩት። ምን ልበል? ውጪ ሰው ተሰልፏል።»

«ታዲያ እንዴት ወሰዱት?»

«በየቀኑ አንድ። ለካስ በሳምንት አንድ ነው።»

አፋቸው ቆሰለ፤ ውኃ እንኳ አልወርድ አላቸው። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣቸው ልጃቸው ሆስፒታል አደረሰቻቸው። እዚያ አንዲት ነርስ የመድኃኒቱን ሣጥን አይታ ጮኸች፤ የጮኸችውን ግን የተረጎመላቸው አልነበረም። ዳኑ። ሣጥኑን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ይህን ለሚመለከተው ሰው ንገርልኝ። እኔ በሽምግልናዬ ማንንም አልከስም። ሌላው ሰው ግን እንደኔ አይሁን።»

ሁሉን ቀዳሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሳምንት ማንም ጋዜጠኛ እንደሌለው አውቄያለሁ።

ስልኬ ጮኸ። አስናቁ ናት።

«ጋሽ ታከለ፣ ሻሎም፣ ደህና ነህ? ቂርያት ማላኪ ነህ ሲሉ ሰምቼ ነው። ነገ ኮሚቴው ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው የለኝም። በስልክ ትርጉም የተጎዳ አንድ ሰው፣ ስሙንና ፊቱን የሚሰጥ። አገኘህ እንዴ?»

ሣጥኑ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። በጣቴ ነካሁት።

«የለም» አልኳት። «ሰው ይፈራል።»

«ኦይ። ቤሰደር፣ ካገኘህ ደውልልኝ። ያላ፣ በል፣ ገዴራ እንገናኝ።»

ውሸቱ እንዴት ቀልሎ እንደወጣ እኔው ገረመኝ። የእኔ ጋዜጣ የሚወጣው ዓርብ ነው፤ ኮሚቴው ረቡዕ፤ ለኮሚቴው አልደርስም። ይህን እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።

ረፋዱ ላይ፣ ገዴራ

አውቶቡሱ በብርቱካን እርሻ መሀል አለፈ። ገዴራ ዋናው መንገድ ላይ አሮጌ ቤቶች፣ ጥላ፣ አይስክሬም የሚሸጥበት ቤት አለ። የእኛ ሰዎች የሚኖሩበት ሠፈር ከዚያ ወረድ ብሎ ነው። ማትናስ በምንለው የሠፈሩ አዳራሽ የዚያ ኮሚቴ አባል የሆነ አንድ የምክር ቤት ሰው ከመራጮቹ ጋር ሊነጋገር መጥቷል። ፕላስቲክ ወንበር፣ ጠርሙስ ውኃ፣ የተቆራረጠ ኬክ። እናቶች ከፊት፣ ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሲጨርስ ተጠጋሁና በዕብራይስጤ ጠየቅኩት። ዕብራይስጤ አይሰበርም፤ ቃናው ግን ከየት እንደመጣሁ ይናገራል።

«ክቡር የምክር ቤት አባል፣ የስልክ ትርጉሙ ሙከራ ላይ ጉዳት ቢደርስ...»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ለቃል አቀባዬ ደውልለት» አለኝና ትከሻዬን መታ አደረገ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። ካሜራ፣ ከካሜራው ፊት አስናቁ። ሰውዬው ከእኔ ዞሮ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። የሠፈሩ እናቶች ተነሥተው «ልጃችን፣ ልጃችን» እያሉ አገላብጠው ሳሟት። አንዷ ከደቂቃ በፊት እኔን ውኃ አምጣልኝ ያለችኝ ናት፤ አስተናጋጅ መስዬአት።

ቀናሁ። ይህን ጽሑፍ ለማሳመር ብዬ አልደብቀውም። መልኳን፣ ቀሚሷን፣ ድምፅዋን፣ ሰው እንዴት መንገድ እንደሚለቅላት፣ ሁሉንም እያየሁ ቀናሁባት።

ሰውዬውን ያዘችው። «የስልኩ ትርጉም ሰው አይጎዳም ብለዋል። እርግጠኛ ነዎት?»

«ሁላችሁም ስለ ፍርሃት ነው የምታወሩኝ» አላት። «አንድ ሰው አምጪልኝ። ስም ያለው አንድ ሰው። ያኔ ነገ ድምፄን አስብበታለሁ።»

አስናቁ ዝም አለች። እንድትጠብቅ ያስተማርኳት ዝምታ አልነበረም፤ የሚለውን ያጣ ሰው ዝምታ ነው። ዓይኗ ለአፍታ እኔ ላይ አረፈ። የአባ ቢያድግልኝ ሣጥን ኪሴ ውስጥ ነው፣ ድምፃቸው መቅረጫዬ ውስጥ ነው። አንድ እርምጃ መራመድ ይበቃኝ ነበር።

ዞሬ ኬኩ ወደነበረበት ጠረጴዛ ሄድኩ።

ቀትር፣ በመንገድ ላይ

«ያቭነ ከሆነ የምትሄደው ከእኛ ጋር ና» አለችኝ አስናቁ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አውቶቡሱም ገና ነው። ከካሜራ ባለሙያው ኋላ ተቀመጥኩ። መኪናው ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ በላብ ተጠምቄያለሁ፤ በዚህም ቀናሁ።

«አስተማሪዬ ነው» አለችው ለካሜራ ባለሙያው በዕብራይስጥ። «በራዲዮ ሳለሁ አንድ ቀን ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ቀደደብኝ። አለቀስኩ። እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ባሕር ዛፍ፣ የሣር ምንጣፍ የሚሸጥበት ቦታ፣ ሩቅ ላይ ክሬን። ትዝ ይለኛል ወረቀቱን ስቀድ። ያኔ ልክ ነበርኩ።

ከቀትር በኋላ፣ ያቭነ

ስብሰባው ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ አነስተኛ አዳራሽ ነው። ከየከተማው የመጡ መጋሼሬቶች፣ አብዛኞቹ የክሊኒክ ካርዳቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። አንዷ «እኔ ስሰናበት የእነ እማማን ደም ግፊት ማን ያስታውሳል?» እያለች ስትናገር ደረስን። አስናቁ ደብተሯን አውጥታ ጥጉ ላይ ተቀመጠች።

በሩን ገፍታ ወርቄ ገባች።

«ጓደኛዬ ተራዬን ያዘችልኝ!» አለች፤ ላብዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ከዚያ እኔን አይታ ፊቷ በራ። «ታከለ! አባ ቢያድግልኝስ እንዴት ነገሩህ? ደህና አድርገው ተናገሩ? የመድኃኒቱን ሣጥንስ ሰጡህ?»

የአስናቁ እርሳስ ቆመ።

ወርቄ ምንም አልገባትም። ወንበር ፍለጋ ሄደች። አስናቁ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለ የልጆች ዥዋዥዌ አለ፤ ሰንሰለቱን ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ታከለ፣ ማለዳ ስደውልልህ አግኝተሃቸው ነበር?»

«አዎ።»

«ገዴራ ላይ፣ ያ ሰውዬ አንድ ሰው አምጪልኝ ሲለኝ?»

«ሣጥኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ላማ?» አለች፤ ከዚያ በአማርኛ ደገመችው። «ለምን?»

ብዙ ምክንያት ማቅረብ እችል ነበር። ሽማግሌውን ልጠብቅ ብዬ ነው፣ ካሜራ ይፈራሉ ብዬ ነው። ሁሉም አፌ ላይ ተሰልፏል።

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። እኔ ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ እሷ ግን ሰዓቷን አየች።

«አሁን ስምንት ሰዓት ነው» አለች። «የምሽቱ ዜና ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይደርሳል። ደውልላቸው። ከዚያ በኋላ እጣላሃለሁ።»

ደወልኩ። አባ ቢያድግልኝ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ቴሌቪዥን?» አሉ። «አንተ አለህበት?»

«አለሁበት፣ አባ።»

«አንተ እያስተረጎምክ ከሆነ ኑ። የስልኩን ሰው አልፈልግም።»

ከሰዓት በኋላ፣ እንደገና ቂርያት ማላኪ

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ሽማግሌው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ጠበቁን። ካሜራው ሲበራ ደነገጡ። አስናቁ ወንበሯን ትታ ከእግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ማይኩን ዝቅ አድርጋ ያዘች፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀችና ዝም አለች። እንዲጨርሱ ጠበቀቻቸው።

እኔ ከካሜራው ውጭ ቆሜ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩ። «‹ቤሰደር› አልኩት፤ ውጪ ሰው ተሰልፏል» የሚለው ላይ ስደርስ የካሜራ ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጠዋት እንደዚያ ታግሼ አልጠበቅኳቸውም ነበር፤ ለራሴ ጽሑፍ ስቸኩል ብዙ ቦታ አቋርጫቸዋለሁ። ከእኔ የተሻለች ጋዜጠኛ ናት። ይህን የማወቅ ሕመም ከሌላው ሁሉ ይከፋል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አስናቁ ቆመች።

«ያን ወረቀት ስትቀድብኝ ለሁለት ሳምንት ጠልቼህ ነበር» አለችኝ። «አሁን ትንሽ ረዘም ይላል።»

«ይገባኛል።»

«ዘገባው ላይ ስምህን ከሥር አስጽፋለሁ።»

መሸት ሲል ወደ ቤርሼቫ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ዳቦዬን ያኔ ነው የበላሁት፤ እንቁላሉ ደርቋል።

ረቡዕ፣ ቤት

ዘገባው ትናንት ማታ ወጣ። ባለቤቴ ጣቢያውን ስትከፍት እኔም አልቀየርኩም። አባ ቢያድግልኝ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸው እንደተላለጠ፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። ከላያቸው የእኔ ድምፅ አለ። ስሜ ግን የለም፤ አስናቁ ደውላ አዘጋጆቹ ለጊዜ ብለው እንደቆረጡት ነገረችኝ፣ ይቅርታም ጠየቀች። «ምንም አይደል» አልኳት። እውነቴን አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያ የገዴራው ሰውዬ የሽማግሌውን ስም ከወረቀት አነበበ፤ አጠራሩን ቢያበላሸውም አነበበው። ዕቅዱ እንደገና እስኪመረመር ድረስ መጋሼሬቶቹ በቦታቸው ይቆዩ ተባለ። ለዘለዓለም አልተባለም። ግን ሐሙስ ጠዋት ወርቄ ወንበሯ ላይ አለች ማለት ነው።

ወርቄ ደወለችልኝ። እያለቀሰች፣ እየሳቀች።

«አየህልኝ ታከለ? ኦስናት ናት ያዳነችን! እግዚአብሔር ይባርካት በል እንጂ!»

ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርጋ እኔን ታየኛለች። ቃሉ አፌ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

«ይባርካት» አልኩ።