ኮምፒውተሩ «አለ» ይላል

በላይብረሪያችን መጽሐፎች ላይ መለያ ቺፕ ከተለጠፈ ወዲህ አለቃችን ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ከአፉ የማትጠፋው «የተጠቃሚ እርካታ» የምትባለዋ ነገር ናት። እውነቱን ለመናገር ተማሪዎቹ ወደውታል። የመጽሐፉን ስም ሲጽፉ ኮምፒውተሩ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነግራቸዋል፤ እኔም ስካነሩን ይዤ ስጠጋ ጢጥ ይላል፣ አለቀ። መሰላል ስወጣና ስወርድ ጉልበቴ ያለቀ ሴት ነኝና ማንም ሳይጠይቀኝ ረክቼ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከታቦር ሰፈር በእግራቸው መጡ። ጥበቃው መታወቂያ የለዎትም ብሎ ሲያጉላላቸው አይቼ ተቆጣሁትና አስገባኋቸው። ልጃቸው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቀው፤ ሥራ እንኳን ሳይዝ ታመመና ሞተ። በመመረቂያ ጽሑፉ መጀመሪያ፣ ምስጋና በሚጻፍበት ገጽ ላይ፣ ስለ እሳቸው ጽፎ ነበር። አንድ ቀን አነብልሻለሁ ይላቸው ነበር። ሳያነብላቸው ቀረ። ላፕቶፑ ለሕክምናው ሲሸጥ የእሱም ኮፒ አብሮ ሄደ፤ የቀረው እኛ ጋ ያለው ብቻ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፣ እንዳነብላቸው ነው የመጡት።

ኮምፒውተሩ «አለ» አለ። እኔም አፌን ሞልቼ አለ እማማ፣ አረፍ ይበሉ አልኳቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ስካነሩ መደርደሪያው ጋ ጢጥ አለ፤ ጥራዙን ሳብ ሳደርገው ግን ቀለለኝ። ሽፋኑ ብቻ ነው። ውስጡ ተገንጥሏል። ቺፑን የምንለጥፈው የኋላ ሽፋኑ ላይ ነው፤ የሌላውን ጽሑፍ በራሳቸው ስም ማስገባት የሚፈልጉ ጮሌዎች ይህን ደርሰውበታል። ገጾቹን ገንጥለው ሽፋኑን ቦታው ላይ ይተዉታል። ቺፕ ሲያልፍበት የሚጮኸው በር አይጮህባቸውም፣ ኮምፒውተሩም አይጠረጥርም። ለእሱ መጽሐፍ ማለት ቺፕ ነው፣ ወይ ጉድ!

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። ኮምፒውተሩን አየና፣ አለ ይላል እኮ አለኝ። ባዶውን ሽፋን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። እያገላበጠ አየው፣ ከዚያ ወደ ቦታው እንድመልሰው ነገረኝ። ሽፋኑን ይዤ ወደ እሳቸው ተመለስኩና እውነቱን ነገርኳቸው።

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ በስንት ጣዕሙ። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ስሙ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። እዚያው ላይ አቆዩት።

«ከእናንተ ያነበበው ሰው የለም?»

«የለም፣ እማማ።»

«የወሰደው ልጅ ግን አንብቦታል» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ፈልጊልኝ፣ ልጄ። አልቆጣውም። ምን እንደሚል ብቻ ነግሮኝ ይሂድ።»

እሺ፣ እፈልገዋለሁ አልኳቸው። ምን ልበል? የሰው ጽሑፍ ሰርቆ የራሱ የሚያደርግ ሰው ከሁሉ በፊት ቀዶ የሚጥለው የምስጋናውን ገጽ ነው፤ አያነበውም።