አቶ ደምስ ያነሱት ጅባራ

ቆቦ ውስጥ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አሠሪዬ ጋሽ ሙሄ ካሜራ አላስነኩኝም። ባልዲና ሳሙና ሰጥተው «በይ የፕላስቲክ አበቦቹን እጠቢ» አሉኝ። ከጎብዬም ከዋጃም የሚመጣው ደንበኛ እነሱን ታቅፎ ነበር የሚነሳው። ከጀርባው በሸራ ላይ የተሳለ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ተራራ የት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! እስካሁን የጠየቀ ደንበኛ የለም።»

መጀመሪያ ፍላሽ ያዥ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ጉርድ ፎቶ አንሺ፣ በመጨረሻ ሰርግ ተሰጠኝ። በእኛ ቤት ከሰርግ በላይ ማዕረግ የለም። ሙሽራዋን ያላሳመረ ፎቶ አንሺ ስሙ ሮቢት ድረስ ይጠፋል።

አንድ መስከረም ከደጋ ሰርግ ስንመለስ መኪናችን ተበላሸ። ሌሎቹ ሹፌሩን ከበው ምክር ሲለግሱት እኔ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ከሣሩ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የማያክሉ ነጭ አበቦች ፈክተዋል። የሰርግ ልብሴን ለብሼ በሆዴ ተኛሁና አነሳኋቸው። ጋሽ ሙሄ ፎቶውን ሲያዩ «ይቺ ሙሽራ የማን ናት?» ብለው ቀለዱብኝ። ግን አሳድገው አጠቡትና መስኮቱ ላይ ሰቀሉት።

ያን ፎቶ አይቶ የጠራኝን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም። ሥራው ቱሪስት ማምጣት ነው። ቱሪስቱ በመንገድ ላይ ነው ይላሉ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምስ በትልቅ ወንበር ተቀምጠው ተቀበሉኝ።

«ለኤግዚቢሽን የተራራ አበባ ታነሺልናለሽ። አበባ ደግሞ ከሰው ይቀላል፣ አይንቀሳቀስም» አሉኝ።

«ነፋስ ሲመጣ ይንቀሳቀሳል፣ አቶ ደምስ።»

«ነፋስ እኛን አይመለከትም። እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከራያ ቆላ ተነስቼ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላስታ ተራሮች ወጣሁ። ብርድ ላይ የቆየ ካሜራ ሙቅ ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ስለዚህ ከቦርሳው ቶሎ አይወጣም። ባትሪ በብርድ ይሞታል፤ በብብቴ አቅፌው አድራለሁ። ነፋሱ ሳይነሳ ማለዳ መድረስ፣ የካሜራ ማቆሚያውን ዝቅ አድርጎ መትከል፣ በሆድ መተኛት፣ ትንፋሽ መያዝ ነው። አበባዋ ልክ ስትረጋ ያስነጥሰኛል። የቆላ ሰው ነኝና ተራራው ንቆኝ ነበር።

ያረፍኩት አባ ገብሬ ቤት ነው። አባ ገብሬ መንደሩ የመረጣቸው የጓሳው፣ የቤት ክዳኑ ሣር፣ ጠባቂ ናቸው። እኔ ሙስሊም መሆኔን ሲያውቁ ባለቤታቸውን «በወተት ያዣት፣ ስጋችንን አትበላም» አሏቸው። ያን ሰሞን ወተት ጠጥቼ ከረምኩ። ማሻ አላህ፣ ከሰርግ ቤት ምግብ ይሻል ነበር።

ጅባራውን ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ጅባራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክል ብዙ ዘመን ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ይሄኛው ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ ከታች ጀምሮ ማውጣት ጀምሯል። ፎቶው እንዲሞላ ከላይ ድረስ እስኪፈነዳ መጠበቅ ነበረብኝ። ለአቶ ደምስ ደውዬ ቀን ጨምሩልኝ አልኳቸው። «እኔው ራሴ እመጣለሁ» አሉ። መደወሌን እስከ ዛሬ እረግማለሁ።

እንግዶች አስከትለው በሁለት መኪና መጡ። እግራቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ጫማ አለ። «ሰው የሌለበት ፎቶ ማን ያየዋል?» አሉና እንግዶቹን ሰልፍ አስያዟቸው። የቆሙት በትናንሾቹ አበቦች ላይ ነው። እኔ በሆዴ ተኝቼ ሳባብላቸው የሰነበትኩት፣ ላለመርገጥ እንደ ሌባ በእግሬ ጣት የምሄድባቸው አበቦች!

«እባካችሁ፣ ከእግራችሁ ሥር እዩ» አልኩ።

«ምን አለ?» አሉ አቶ ደምስ ጎንበስ ብለው።

«አበባ።»

«ይሄማ ትንሽ ነው። ትልቁ የታለ?»

ትልቁን አዩት። ዞሩት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ለአባ ገብሬ «ፎቶ ከምናሳይ ራሱን ወስደን አዳራሹ መድረክ ላይ ብናቆመውስ? ቁረጠው» አሉ። በአባታቸው ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ብለው።

አባ ገብሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጌታዬ፣ እኔ እሱን ብቆርጥ መንደሩ እኔን ይቆርጠኛል» አሉ።

«እንግዲያው ሹፌሩ መጥረቢያ ያምጣ።»

ሹፌሩ ወደ መኪናው ሄደ። ጅባራው ዘር ሳይጥል ተቆርጦ ኤግዚቢሽኑ ወደሚታይበት ቆቦ ቢወርድ፣ በሙቀቱ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም። ብለምናቸው እንደማይሰሙ አውቃለሁ። አቶ ደምስ የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያው፣ የራሳቸውን ፎቶ።

«አቶ ደምስ፣ ከመቆረጡ በፊት እርስዎን ከጎኑ ላንሳዎት። የኤግዚቢሽኑ ትልቁ ፎቶ እሱ ይሁን» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ኮታቸውን ቆለፉ። እኔም ማቆሚያዬን ተከልኩ፣ ነቀልኩ፣ እንደገና ተከልኩ። «አገጭዎን ቀና። በጣም ቀና አለ። ትንሽ ዝቅ። ብርሃኑ አልደረሰም፣ ይታገሱ።» ሹፌሩ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል። አባ ገብሬ ከቋጥኙ ማዶ ያለውን ሰማይ ያያሉ። እኔም እሱኑ ነው የማየው። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ነበር።

መጣና ዋጠን። መጀመሪያ መኪናዎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ እንግዶቹ፣ በመጨረሻ አቶ ደምስ። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ግን ይሰማኛል። ከጭጋጉ ውስጥ አንዱ እንግዳ «ኧረ አቶ ደምስ፣ ለአበባ ብለን እንሙት እንዴ?» አለ። መንገዱ ሳይጠፋ እንውረድ ተባለና መጥረቢያው ወደ መኪና ተመለሰ። እኔና አባ ገብሬ ብቻ ቀረን።

«ብርሃኑ ደረሰ?» አሉኝ።

«አሁን ደረሰ፣ አባ» አልኳቸው። መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን።

ጅባራው እስከ ጫፉ ሲያብብ፣ ማለዳ ጭጋጉ ሊገፈፍ ሲል አነሳሁት። ግማሹ በጭጋግ፣ ግማሹ በፀሐይ ነው። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አላነሳሁም።

ፎቶውን ለመሥሪያ ቤቱ አስረከብኩ። በኤግዚቢሽኑ ቀን ጋሽ ሙሄ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው አብረውኝ ሄዱ። ጅባራው አዳራሹ መግቢያ ላይ የግድግዳ ያህል ተሰቅሏል። ሰው ከቦታል። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አጥልቀው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ፎቶ፦ በአቶ ደምስ።»

ዞረው አዩኝ። አቶ ደምስ እዚያው አጠገባችን አንድ የክልል እንግዳ ይዘው ተራራውን በእግራቸው ስለመውጣታቸው ያወራሉ።

«አቶ ደምስ፣ ይሄን እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩ።

«እንዴታ! የእኛ ባለሙያ ናት» አሉ ለእንግዳው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው። «ክፍሉን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ሥራው በኃላፊው ስም ይወጣል። አሠራር ነው።»

እንግዳው አጨበጨቡላቸው። ሌላውም ተከትሎ አጨበጨበ። ወላሂ፣ እኔም እጄ ሊያጨበጭብ ሲል ነው የያዝኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ ደምስ ፎቶ ቤት ድረስ መጡ። የክልሉ እንግዳ ፎቶውን ስለወደዱት የቀረጻ ቡድን እንደሚልኩና ራሳቸው አቶ ደምስ ተራራው ላይ ፎቶ ሲያነሱ መቀረጽ እንዳለባቸው ነገሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ይሄ ካሜራ በየት በኩል ነው የሚበራው?» አሉኝ።

«ከፎቶው ሥር ስሜ ይግባና አሳይዎታለሁ።»

«ጽሑፉ አንዴ ታትሟል እኮ።»

«እንግዲያው ካሜራውንም በኃላፊነትዎ ያብሩት» አልኳቸው። ጋሽ ሙሄ ሳቃቸውን ለመደበቅ ሸራው ጀርባ ገቡ።

ያለ እኔ ወደ ተራራው ሄዱ። ያመጡት ፎቶ የጫማቸው ነው ሲሉ ሰማሁ። ይባረሩ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ ከፍ ተደረጉ። አሁን ለወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥልጠና የሚሰጠው ክፍል ኃላፊ ናቸው። እኔም ተጠርቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰለጠንኩ። የምስክር ወረቀቴ ላይ ስሜ በስህተት ተጽፏል፣ የእሳቸው ፊርማ ግን አምሯል።

አባ ገብሬ ደውለው ጅባራው እንደደረቀና ዘሩን እንደበተነ ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይሄን ነው። ፎቶ ስታስረክቡ ስማችሁን አስቀድማችሁ ፎቶው ላይ ጻፉ። ጥግ ላይ አትጻፉት፤ ጥግ ይቆረጣል።