የዳለቻው ጥማድ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው የእንስሳት ባህሪ ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ግን አልሆነልኝም። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ የጭላዳ መንጋ ሳይ እንደምውል የሰማ ሁሉ፣ "ዝንጀሮ ማየት ደግሞ እንጀራ ይሆናል?" ብሎ ይስቃል። እናቴ እፍረቱን አልቻለችውም መሰለኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "የከብት ሐኪም ሆናለች" ብላ አወራች። አይደለሁም ብል ማን ይስማኝ!

ባለፈው ክረምት፣ እርሻው በተጣደፈበት ሰሞን፣ አባቴ ከአገር ቤት፣ ከከላላ ደወሉልኝ። "ዳለቻው መብላት ትቷል። ድረሺልኝ።"

አባቴ ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ ዳለቻውና ቀዩ። ከወይፈንነታቸው ጀምሮ ዳለቻው በግራ፣ ቀዩ በቀኝ ሆነው አብረው ሲጠመዱ ኖረዋል። ስንዴው ሳይዘራ አንዱ ከጎደለ፣ ዓመቱ ጎደለ ማለት ነው።

ስደርስ ዳለቻው ደጅ ላይ ተኝቷል። አያመነዥክም፤ ጆሮው ወድቋል፤ ዝንብ ሲወረው ጭራውን እንኳ አያነሳም። ይህን ማየት እችላለሁ፤ የተማርኩትም ማየት ነው። ለእንስሳት ሐኪም ብደውል፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ "ነገ እሞክራለሁ" አለኝ። ጎረቤቶቻችን ከበውኝ፣ ከቦርሳዬ መርፌ እስካወጣ ይጠብቃሉ።

"በይ እንጂ ልጄ፣ ምን ይሁን?" አሉ አባቴ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም።"

"ያረቢ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስትማሪ ኖርሽ?" አሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በባዶ እጄ።

ሐኪሙ ሳይደርስ ዳለቻው ሞተ። ጎረቤቶቻችን ጎትተው ወደ ሸለቆው ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ቀዩን ግጦሽ ሊያወጡት ፈቱት። እሱ ግን ማንም ሳይነዳው ወደ ማሳው ሄደ። ቀንበሩ የተጋደመበት ደርሶ በቀኝ በኩል፣ በራሱ ቦታ ቆመ። አንገቱን ወደ ባዶው ጎን አዞረ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄስ ያንቺ ትምህርት ነው አይደል? እየጠበቀው ነው?"

ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተነገረኝ ነገር አለ፤ ያየሽውን ጻፊ እንጂ አዘነ፣ ናፈቀ፣ ጠበቀ አትበይ፤ የእንስሳውን ልብ አላየሽም የሚል። "አዎ" ብላቸው ውሸት ሊሆን ይችላል። "አይ" ብላቸውም እንዲሁ። የእውነት አላውቅም ነበር፤ አባቴ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

"ቆሟል" አልኳቸው።

"እሱንማ እኔም አየሁ።" አልተቆጡም። "አብሽሪ" አሉኝ።

ከዚያ ሄደው ከቀዩ በስተግራ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሙና እጃቸውን አንገቱ ላይ ጣል አደረጉ።